በወንበሩ ላይ የተገኘው ታኮ

ሃምሳ አለቃ ሀብተማርያም የሞቱት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዝገት ሲያስጥሏት በኖሩት መኪናቸውና በገዛ ተሳቢዋ መካከል ተጨፍልቀው ነው። መኪናዋ ኡራል ናት፤ ከጦር ሠራዊት በጨረታ የወጣች ከባድ የጭነት መኪና። የኮልፌ ሰው ግን «ዝሆኗ» ይላታል። ተጎትታ የመጣች ዕለት አስፋልቱን አንድ ስንዝር አጎድጉዳው እንዳለፈች ይወራል። ጎድጓዱን እኔም አይቼዋለሁ። «እሱማ ቀድሞም ነበረ» የሚሉ አሉ፤ ምቀኞች ናቸው።

ግቢው ከአጠና ተራ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። መሬቱ ወደ በሩ ያዘነብላል። ዝሆኗ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ከታች ትቆማለች፤ ተሳቢዋ ደግሞ ከኋላዋ፣ ከፍ ብሎ። በመካከላቸው አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚሠራበት ክፍተት አለ። የተሳቢው ፍሬን ለእድሳት ስለተፈታ፣ እንዳይንሸራተት የያዙት ከፊት ጎማዎቹ ሥር የተሸጎጡ ሁለት የወይራ ታኮዎች ብቻ ነበሩ። ያን ዕለት ጠዋት ታኮዎቹ ቦታቸው ላይ አልነበሩም።

ምክትል ኢንስፔክተር ማራኪ ስትደርስ አስከሬኑ ሸራ ለብሶ ተጋድሟል። ማራኪ የከባድ መኪና ረዳት ልጅ ናት፤ «እማዬ» ከማለቷ በፊት ዳገት ላይ ታኮ መጣል እንደቻለች አባቷ ይምል ነበር። ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ እርሳስ ትሰካለች፤ ስትጽፍበት ግን ያየ የለም።

ሸራውን ገለጥ አድርጋ የሟቹን እጆች አየች። ሁለቱም እስከ አንጓቸው አረንጓዴ ቀለም ነክቷቸዋል።

«አደጋ ነው» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «የዝሆኗን መጎተቻ ጋንቾ ሲቀቡ ተሳቢው መጣባቸው። ታኮዎቹ ጋቢና ውስጥ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ናቸው። ሽማግሌው ራሳቸው አውጥተው ረስተዋቸዋል።»

«የምን አደጋ!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። ጯሂው የሟቹ የእህት ልጅ ባምላኩ ነው፤ ጫማው ከዝሆኗ መስታወት በላይ ያብረቀርቃል። «ፍሬኑን የፈታችው እቺ ናት! ከእሷ ሌላ እዚህ ግቢ የሚገባ ማን አለ?»

ጣቱን የቀሰረው ጉዲቱ ላይ ነው። ጉዲቱ በያጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አልሞላም፤ ክንዶቿ በብየዳ ፍንጣሪ ነጠብጣብ የተሞሉ ናቸው። ሃምሳ አለቃን ሞተው ያገኘቻቸው እሷ ናት። ዓይኗ ቀልቷል፣ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«የፈታሁት ጋሼ ፍቺ ስላሉኝ ነው» አለች። «አንተ ብሎን ከዳዶ ሳትለይ ስለ ፍሬን ታወራለህ?»

«ሰማችኋት? ሰው ገድላ ትሳደባለች!»

የማራኪ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው። አዳመጠች፣ «እሺ ጌታዬ» አለችና ስልኩን ኪሷ ከተተች።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ነገር ካላገኘሁ አንቺን ይዤ ልሄድ ነው ጉዲቱ።»

«ይውሰዱኝ፤ መታሰሩን አልፈራም» አለች ጉዲቱ። «ግን ይሄ ባምላኩ አስከሬኑ ሳይነሳ ገና ለሰኞ ብረት ቆራጮች ቀጥሯል። እኔ ከታሰርኩ ዝሆኗን የሚያስነሳት የለም፤ ካልተነሳች ደግሞ ሦስት ቦታ ከፍለው ነው የሚወስዷት። ጋሼ ሁለት ጊዜ ይሞታሉ። እኔ ደግሞ አንዱም በዝቶብኛል!»

*

ማራኪ ጋቢና ላይ ወጣች። ውስጡ ተፍቆ በቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም ተለቅልቋል፤ ገና አረንጓዴው አልደረሰውም። ወንበሩ ብቻ አዲስ ነው፤ ክሬም ልብስ ለብሷል፣ አንዲት ነጠብጣብ የለበትም። ታኮዎቹ ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አገላብጣ አየቻቸው። ቀጭኑ ጫፋቸው ላይ የማርቴሎ ምት ትኩስ ጠባሳ አለ። ቀለም የሚባል ግን የለባቸውም።

«ወንበሩ መቼ ገባ?»

«ሐሙስ» አለች ጉዲቱ ከታች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር አልነበራትም። ጋሼ ጀሪካን ገልብጠው ነበር የሚቀመጡት።»

«ታኮዎቹስ ሲወጡ የት ነው የሚቀመጡት?»

ጉዲቱ ግድግዳው ላይ የተመታ ትልቅ ሚስማር አሳየቻት። «እዚያ። ቀለበት አላቸው፣ ይሰቀላሉ። ወንበር ላይ ማን እንዳስቀመጣቸው አላውቅም።»

ማራኪ የሹፌሩን በር ከፍታ በውስጥ በኩል ነካችው። ጣቷ አረንጓዴ ሆነ።

«ይሄ በር ለምን ለብቻው ተቀባ?»

ጉዲቱ እንደ ድመት ዘላ ወጣች። በሩን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማነው ያበላሸው? ቀዩ ሳይቀባ አረንጓዴ ይቀባል እንዴ? በባዶ ብረት ላይ! ይሄ እኮ በወሩ ነው የሚላጠው! ጋሼ ቢያዩ ያብዱ ነበር። ይሄን በር ሐሙስ ለት በእጃቸው ፍቀው፣ ጆንያ አልብሰው፣ ‹አንቺ አትንኪው› ብለውኝ ነበር።»

«ለምን?»

«አልነገሩኝም። እንደፋቁት ጀሪካናቸው ላይ ቁጭ ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አሉ። ጋሼ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው አያውቁም።»

ማራኪ ወርዳ ሟቹ የወደቁበትን ቦታ ዞረችው። የቀለሙ ቆርቆሮ አለ፤ ጋንቾው ግማሹ ተቀብቷል፣ ግማሹ ቀይ ነው። አንድ ነገር ግን የለም።

«ብሩሹስ?»

ፍለጋው አልረዘመም፤ ብሩሹ ግድግዳው ሥር፣ ቲነር ያለበት ጣሳ ውስጥ ተነክሮ፣ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

«እንግዲህ ሃምሳ አለቃ ከሞቱ በኋላ ተነስተው ብሩሻቸውን አጥበዋል ማለት ነው» አለች ማራኪ። ፖሊሱ ሳቅ አምልጦት ባርኔጣውን አስተካከለ።

*

ባምላኩን ከአጥሩ ሥር ለብቻው አነጋገረችው።

«ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ወፍጮ ቤቱ ሲነሳ የት ነበርክ?»

«አስኮ፣ ቤቴ። ተኝቼ። ቅዳሜ ነው እኮ!»

«መኪናዋን ትጠላታለህ?»

«መኪና ናት እንዴ? ሬሳ ናት! አጎቴ ጤናውንም ጡረታውንም እዚህ ብረት ላይ ጨረሰ። አዎ፣ ትቆረጥ ብያለሁ። ታኮ የሚባለውን ግን ዛሬ ነው ስሙን የሰማሁት።»

ቀጥለው የመጡት ጋሽ ኃይለ መስቀል ናቸው፤ የእድሩ ሊቀመንበር፣ የሟቹ የድሮ ጓድ፣ በአንድ የትራንስፖርት ክፍል አብረው የሠለጠኑ ሹፌር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ከቅዳሴ በቀጥታ መምጣታቸውን ተናገሩ። ማራኪን ጨበጧት። ማራኪ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ያስነጠሳት መስላ መለሰችው።

«ዝሆኗን ያውቋታል ጋሽ ኃይሌ?»

«አውቃታለሁ ወይ? ምነው ልጄ፣ እዚህ ሰፈር አታድሪም?» አሉ ደረታቸው እየሰፋ።

ታሪኩን ኮልፌ ውስጥ ሕፃን ልጅ ሳይቀር በቃሉ ይወጣዋል። ጦሩ ከሰሜን ሲመለስ ጋሽ ኃይሌ በዚችው መኪና ሠላሳ አንድ ቁስለኛ ጭነው፣ ጎማ ሲፈነዳ ገለባ ጠቅጥቀው፣ ራዲያተር ሲደርቅ ጠላ አጠጥተው፣ በሚቃጠል ድልድይ መሐል ሰንጥቀው አለፉ። ድልድዩ በየዓመቱ አሥር ሜትር ይረዝማል፤ ዘንድሮ ከዓባይ ድልድይ በልጧል። ሃምሳ አለቃ ሀብተማርያም ያን ጊዜ ሌላ ግንባር ስለነበሩ አላዩም፤ ግን አመኑ። ዝሆኗን ጨረታ ላይ በቁጥሯ ለይተው የገዟትም ለዚሁ ነው። እሁድ የእድሩ አባላት በሙሉ ተሰብስበው ሞተሯ ሊነሳ፣ ጋሽ ኃይሌም መሪዋን ሊይዙ ቀጠሮ ተይዞ ነበር።

«እንግዲህ ነገ አይደለም» አሉ ጋሽ ኃይሌ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ሀብቴን ይህ ብረት በላው። ባምላኩ እውነቱን ነው፣ ተቆርጣ ትገላገል።»

ማራኪ እርሳሷን ከጆሮዋ አውጥታ እንደገና ሰካችው። መኪናዋ የክብራቸው ምስክር ሆና ሳለ እንድትቆረጥ የሚቸኩሉት ለምን ይሆን?

በመጨረሻ ወደ ሟቹ ባለቤት ወደ እትዬ እሙ ገባች። ለቅሶ የሞላው ቤት ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሐሙስ ማታ እራት አልበላም» አሉ እትዬ እሙ። «‹ምነው?› ብለው፣ ‹በሩ ተናገረ› አለኝ። ‹ምን አለ?› ብለው፣ ‹የሰው ገመና ነው እሙዬ፣ ላንቺም አልነግርም። ባለቤቱን ቅዳሜ በጠዋት ብቻውን እቀጥረዋለሁ› አለኝ።»

«ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልነገሩዎትም?»

«አልነገረኝም።»

«ከቀጠሮው በኋላስ ምን ሊያደርጉ ነበር?»

እትዬ እሙ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ አዲስ ለቀስተኛ ጮሆ ገባ። ልቅሶው እንደገና ተነሣ፣ መልሱም በዚያው ሰጠመ።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። እትዬ እሙ በሁለት ሴቶች ተደግፈው መጡ። ፖሊሶቹ ታኮዎቹን ወደ ቦታቸው መልሰው፣ ከተሳቢው ፊት ደግሞ በግ የሚያክሉ ድንጋዮች ደርድረዋል። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከመሄዳችን በፊት አንድ ሥራ አለ» አለች ማራኪ። «እያንዳንዳችሁ ከተሳቢው ሥር አንድ ታኮ አውጥታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ሌላ ምንም የለም። ባምላኩ፣ ጀምር።»

«የልጅ ጨዋታ ነው?» አለ ባምላኩ። ቢሆንም ማርቴሎውን ተቀብሎ አምስት ጊዜ ስቶ በስድስተኛው መታው። ታኮው ሲወጣ ጫማው እንዳይቆሽሽ እየተጠነቀቀ በእግሩ ወደ ጎን ገፋው።

«ጉዲቱ።»

ጉዲቱ በአንድ ምት አስፈነጠረችው። ብድግ አድርጋ፣ ሳታስብ፣ ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀለችውና እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ፖሊሱ አንዱን ታኮ መልሶ ሸጎጠው።

«ጋሽ ኃይሌ፣ እርስዎስ?»

ጋሽ ኃይሌ ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። የሹፌር እጅ አያረጅም፤ ማርቴሎውን ከጎን፣ በልኩ አሳረፉት። ታኮውን በቀኝ እጃቸው አንስተው ወደ ዝሆኗ ሄዱ፣ በሩን ከፈቱና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

ማራኪ ወደ በሩ ጠጋ አለች።

«ለምን ወንበር ላይ አደረጉት?»

«ሾፌር አይደለሁም እንዴ?» አሉ በኩራት። «የክፍላችን ደንብ ነው። ታኮ ወንበር ላይ ካለ ሾፌር ሳያነሳው አይቀመጥም፤ መንገድ ላይ ረስቶት አይሄድም። ሀብቴም እንዲሁ ነበር። ለዚህ እኮ ነው ጠዋት ወንበር ላይ የተገኘው፤ ምስኪኑ ራሱ አውጥቶ ረስቶት!»

«ጥሩ። አባቴ ረዳት ነበር፤ እሱ ታኮ የሚያንጠለጥለው ከጭነት ሳጥኑ ጎን ነው። ወንበር ላይ ሲደረግ ዛሬ ገና አየሁ። ደንቡ የክፍላችሁ ብቻ ነው ማለት ነው። እዚህ ግቢ ያንን ደንብ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሞተዋል።»

«ታዲያ ሟቹ ናቸዋ!» አለ ባምላኩ።

«የሟቹ እጅ እስከ አንጓው በእርጥብ ቀለም ተለውሷል። በዚያ እጅ ታኮ ቢያነሱ ታኮው አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ የበሩ የውጭ እጀታም፣ ክሬሙ ወንበርም። አንዲት ነጠብጣብ የለም። ደግሞ ረስተው አይደለም፤ ታኮዎቹ ተመትተው ነው የወጡት። ሃምሳ አለቃ ከተሳቢው ፊት ቁጢጥ ብለው እያሉ የገዛ ታኮአቸውን በማርቴሎ ይመታሉ?»

ማራኪ ወደ ወፍጮ ቤቱ አጥር ጠቆመች።

«የመታው ሰው ድምፁ እንዳይሰማ ወፍጮ ቤቱ እስኪነሳ ጠበቀ። ተሳቢው ከሄደ በኋላ እጁ ላይ ሁለት ታኮ ቀረ። ጉዲቱ ብትሆን ሚስማሩ ላይ ትሰቅለው ነበር፤ ሁለት ዓመት የሰቀለችበት ነው። ባምላኩ ቢሆን በእግሩ ይገፋዋል። ይሄ ሰው ግን አላሰበም። ጭንቅላቱ በሌላ ነገር ተይዞ ሳለ እጁ የለመደውን አደረገ። ከዚያ የሟቹን ብሩሽ አነሳ፣ የሹፌሩን በር በውስጥ በኩል ቀባ፣ ብሩሹንና እጁን በቲነር ታጠበ። ከቅዳሴ ነው የመጣሁት ብሎ ሲጨብጠኝ እጁ ቲነር ይሸት ነበር።»

«እኔን ነው?» አሉ ጋሽ ኃይሌ። «ለምን ብዬ? የሠላሳ ዓመት ጓዴን?»

«እሱን በሩ ይነግረናል። ጉዲቱ፣ ቲነሩን አምጪ።»

ጉዲቱ ጨርቅ ነክራ በሩን አሸችው። በባዶ ብረት ላይ የተቀባው ቀለም ወዲያው ተንሸራተተ። ከሥሩ በሳንጃ ጫፍ የተጫረ ጽሑፍ ወጣ፤ ወልጋዳ፣ ግን ጥልቅ። ጉዲቱ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«ሹፌራችን ኃይለ መስቀል ወንዙ ላይ ጥሎን ሸሸ። አሥር አለቃ ደሜ በአንድ እግሩ እየነዳ አወጣን። ሠላሳ አንድ ነን።»

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር። ኃይለ መስቀል በዝሆኗ ጎማ ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ዓርብ ማታ ጆንያውን ገልጬ አየሁት» አለ። «ሀብቴ ‹ነገ ጠዋት ብቻህን ና፣ የማነጋግርህ አለ› ሲለኝ ገባኝ። እሁድ በእድሩ ፊት ሊያነብብኝ ነው አልኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት... ሕፃናቱ ‹ጀግናው ጋሽ ኃይሌ› እያሉ... ጠዋት መጣሁ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀባል። ታኮዎቹን አየሁ። እጄ...»

«እሱስ ሊያነብብህ አልነበረም!»

ሁሉም ዞረ። እትዬ እሙ ደጋፊዎቻቸውን ለቀው ቆመዋል።

«ቅድም ጠይቀሽኝ ነበር ልጄ፣ ለቅሶ አቋረጠን። ‹ከነገርከው በኋላስ ምን ታደርጋለህ?› ብዬዋለሁ። ‹ቀዩን ቀብቼ፣ በላዩ አረንጓዴውን ሁለት ጊዜ ደግሜ እሸፍነዋለሁ፤ ሰው በአንድ ቀን ፍርሃቱ አይመዘንም። ብቻ አስቀድሜ ልንገረው፣ ሲሳቀቅ እንዳይኖር› ነው ያለኝ። ሊሸፍንልህ ነበር ኃይለ መስቀል!»

እኔ ቅጥፈት እወዳለሁ፤ ድልድዩ መቶ ሜትር ቢረዝም አልቀየምም ነበር። ያን ጊዜ የኃይለ መስቀልን ፊት ያየ ሰው ግን ለአንድ ሳምንት ያህል እውነት ብቻ ነው የሚናገረው። ፖሊሶቹ ብብቱን ይዘው አስነሱት። አጥር ላይ ከነበሩት ሕፃናት አንዱም ‹ጀግናው ጋሽ ኃይሌ› ብሎ አልጮኸ።

*

ቀብሩ እሁድ ሆነ። ባምላኩ የሬሳ መኪና ተከራይቶ ከበሩ ውጭ አቁሞ ነበር።

«አጎቴ በቆርቆሮ ክምር አይሸኝም!» አለ።

«በዝሆኗ ነው የሚሸኙት» አለች ጉዲቱ። ሌሊቱን ፍሬኑን ገጥማ አድራለች፤ ተሳቢው ጋንቾው ላይ ተንጠልጥሏል። «ከፈለግክ ፊቷ ተኛ። አንተን ለማለፍ ፍሬን አያስፈልጋትም።»

ባምላኩ ወደ እትዬ እሙ ዞረ። «እርስዎ ይንገሯት እንጂ!»

«ሰኞ የቀጠርካቸውን ቆራጮች እንዳይመጡ ንገራቸው» አሉት እትዬ እሙ። «መኪናዋ የኔ ናት። አትቆረጥም።»

«እሺ፣ ቢያንስ በሩን ትቀባው! አገር ሁሉ እያየ፣ ያ ጽሑፍ...»

እትዬ እሙም ወደ ጉዲቱ ተመለከቱ። «እሱ ይሸፍነው ነበር ልጄ።»

«ጋሼ ደግ ነበሩ እትዬ» አለች ጉዲቱ። «እኔ አይደለሁም። ሌላውን ሁሉ በአረንጓዴ አሳምራታለሁ። ይሄን በር ግን ማንም አይነካውም። ጋሽ ደሜ በአንድ እግራቸው ነድተው ስማቸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ቀለም ሥር ተቀብሯል። ይበቃል።»

እትዬ እሙ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጋቢናው ላይ፣ ከጉዲቱ ጎን ለመውጣት እግራቸውን አነሱ።

ጉዲቱ ሞተሩን ነካችው። ሳለ። እንደገና ነካችው፣ አጉረመረመ። በሦስተኛው ዝሆኗ ጥቁር ጭሷን ወፍጮ ቤቱ ላይ ተፋችና ተነሳች። የጣሪያ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ አስኮ ያሉ ዶሮዎች ያን ለት ሁለት አስኳል ያለው እንቁላል ጣሉ፤ ያላመነ ሄዶ ይጠይቅ። ሳጥኑ ተሳቢው ላይ ወጣ፣ ለቀስተኛውም ተከትሎ ወጣ። ታኮዎቹ ሚስማሩ ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ኮልፌ መንገዱን ለቀቀ። ጉዲቱም የሹፌሩን በር እስከ መጨረሻው ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ጽሑፉ ለሁሉም እንዲታይ፣ ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም በቀስታ ነዳች።